የእንግዳው ወንዝ

ጋሽ ሙሉነህ የሞቱት ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው፣ ካርታቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ምሳ ልታደርስላቸው የገባችው ጎረቤታቸው ሰዓዳ ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ የማሞቂያው ጠርዝ ላይ ደም አለ። የወደቀ ሰው ግን እንዲህ አይተኛም! ዓይናቸው ተከድኗል፤ አገጫቸው በራሳቸው ሻርፕ ታስሯል፤ በቀኝ ጎናቸው ተጋድመው ፊታቸው ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ፖሊስ የላይኛውን ፎቅ ነዋሪ ለተሚካኤልን ሁለት ቀን መረመራት፤ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷልና። በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ጄኔቭ ለምትኖረው አፀደ ደወለች።

አፀደ አዲስ አበባ ሳለች ሃያ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ጄኔቭ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር ተቀምጣ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ምን ይደረግ፣ ስደት ማዕረግ አያውቅም። ዓይኗን ግን ማን ይቀማታል? በመጀመሪያው ባቡር ከተፍ አለች።

በቅድሚያ ያየችው ካርታውን ነው። ከደጋ ወርዳ ቀይ ባሕር የምትገባ ትንሽ ወንዝ ተስላበታለች፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ፣ ደጋው ሲዘንብ ብቻ የምትሞላ። ጋሽ ሙሉነህ ጡረታ የወጡ የካርታ ባለሙያ ነበሩ፤ በዚያ ያለፉ ስደተኞችን እየጠየቁ ስሟን ያፈላልጉ ነበር። አንድ ሰው የነገራቸውን በእርሳስ፣ ሁለት ሰው የመሰከረውን በቀለም ይጽፋሉ። ወንዟ ባሕሩን የምትቀላቀልበት ቦታ ላይ በእርሳስ «የእንግዳው» ተብሏል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ለተሚካኤልን።

«በዚችው ስም እትዬ። አባቴ እዚያ ዳርቻ ዓሣ ይነግዳል። ዓሣ አጥማጆቹ ከአራት ዓመት ወዲህ የእንግዳው ወንዝ ነው የሚሏት። ጋሽ ሙሉነህ ‹የአራት ዓመት ስም ስም አይባልም› ቢሉኝ ጮህኩባቸው። ወይኔ፣ ሳንታረቅ!»

«እንግዳው ማነው?»

«ጎርፍ ያመጣው ልጅ ነው፤ የሚያውቀው ጠፍቶ እነሱው ቀበሩት። ይህን ስነግራቸው ቀኑን ጠይቀውኝ ጻፉት።»

ሰዓዳም ወንድም ነበራት፣ ሙአዝ። ከአራት ዓመት በፊት ጀልባው ሰጥሞ ባሕር እንደበላው ጓደኛው ነቢል ነው ያረዳት። ደሴ ያለችው እናታቸው መቃብር የሌለውን ሞት አልቀበልም ብላ ዛሬም በሩን አትዘጋም።

አፀደ ብታስጠራው ነቢል ዙሪክ አጠገብ ካለችው ረገንስዶርፍ መጣ፤ ቀለም ቅብ የሚማር ቀጭን ወጣት ነው።

«እዚህ ቤት መቼ መጣህ?»

«ወር አለፈኝ እትዬ።»

«የአስር ሰላት ደርሷል፣ ሰግደሃል?»

«ከዚያ መንገድ ወዲህ አልሰግድም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አፀደ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ሰዓዳ፣ ስትሰግጂ ቂብላሽ ወዴት ነው?»

ሰዓዳ ሳታስብ ወደ ወጥ ቤቱ በር ጠቆመች።

«ጋሽ ሙሉነህን የጣለ ሰው ወዲያው አልሸሸም» አለች አፀደ። «ዓይን ከደነ፣ አገጭ አሰረ፣ ወደ ቂብላ አዞረ። ለክርስቲያን ሟች ይህን ያደረገው ያዘነ ሙስሊም ነው። ስለዚህ ለተሚካኤል አይደለችም። ሰዓዳም አይደለችም፤ እዚህ አሥር ዓመት የሰገደች ሴት መካ በደቡብ ምሥራቅ መሆኗን ተኝታም አትስተውም። እሳቸው የዞሩት ግን ወደ መስኮቱ ነው። የካርታውን ፍላጻ እዩት፤ ጋሽ ሙሉነህ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አጋጥመው ነው የሚዘረጉት። መስኮቱ ሰሜን ነው። መካ በሰሜን በኩል የምትሆነው አገር ቤት ነው! እዚህ አንድም ቀን ያልሰገደ ሰው ቂብላው ያው የአገሩ ነው።»

ነቢል ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጀልባው ሰጠመ ያልክበትና ጎርፉ የመጣበት ቀን አንድ ነው፤ ጋሽ ሙሉነህ ማስታወሻቸው ላይ ሁለቱንም ጽፈዋቸዋል። ጠርተው ጠየቁህ፣ አይደል?»

«ደረቅ ነበረች እትዬ!» ልጁ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ሙአዝ የወሎ ልጅ ነው፣ ‹ደጋው ከዘነበ ይወስደናል፣ እዚህ አንተኛም› ብሎ ለመነኝ። እኔ የሸገር ልጅ፣ ሳቅሁበት፤ አሸዋው ለስላሳ ነው አልኩት። ብቻዬን እንዳይተወኝ ብሎ አብሮኝ ተኛ። ሊነጋ ሲል መጣ ውኃው… በምን ዓይኔ ልይሽ ሰዓዳ? በባሕሩ አሳበብኩ። ጋሽ ሙሉነህ ‹ዛሬውኑ ትነግራታለህ› ብለው ስልክ አነሱ፤ ልቀማቸው ስታገል ወደቁ። ወላሂ ልገድላቸው አልነበረም! ለሙአዝ ያላደረግሁትን ለእሳቸው አደረግሁ።»

አፀደ ፖሊስ ጠራች። ስንት ወንጀለኛ ስትይዝ ደስ ብሏት ነበር፤ በዚህ ልጅ ግን አልተደሰተችም።

ሰዓዳ አላለቀሰችም። ወደ ለተሚካኤል ዞረች። «ልጁ ምን ለብሶ ነበር?»

«አባቴ እንዳለኝ አረንጓዴ ሹራብ… አንዱ እጅጌው ከሌላው የረዘመ።»

«ምነው ቀደም ብዬ በጠየቅሁሽ!» ሰዓዳ ደረቷን መታች። ሹራቡን ሠርታ የላከችለት እሷ ናት፤ ሙአዝ በእጅጌው ስንት ቀን በስልክ ስቆባታል። አራት ዓመት ሙሉ ባሕሩን ስትረግም፣ መቃብሩን የምታውቅ ሰው ከራስጌዋ ትኖር ነበር።

«አንድ ለተሚካኤል፣ አንድ ነቢል፤ ሁለት ምስክር ሞላ» አለች አፀደ፣ የጋሽ ሙሉነህን ብዕር እያቀበለቻት። ሰዓዳ «የእንግዳው» የሚለውን በቀለም ደገመችበት።

«ፊቱን ወዴት አዙረው ቀበሩት?» አለቻት ለተሚካኤልን።

«ወደ ሰሜን ነው ያለኝ አባቴ።»

ሰዓዳ ደሴ ደወለች። «እማ፣» አለች፣ «ባሕር አልበላውም። አፈር ለብሷል፤ ፊቱም ወደ ቂብላ ነው። በሩን ዝጊ እማ።»