በሆዱ ውስጥ የታየው ወተት

«ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊና እይ» አለች አክስቷ።

ልጅቷ ጓንት ባጠለቀው የአክስቷ መዳፍ ላይ አጎነበሰች። ትናንት የተወለደ የአይጥ ልጅ ነው። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ቆዳው ግን መስታወትን ያሳፍራል። ከጎድኑ ሥር የጠባው ወተት ነጭ ሆኖ ይታያል። ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ያሳያት ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ እዚህ ቢመጣ፣ ይህችን ነጭ ነጥብ አያህልም።

የመጣችው ግን ለአይጥ አልነበረም። ወደዚህ ቤተ ሙከራ ያመጣት የአክስቷ ቤት ቁልፍ ነው፤ የትምህርት ቤት ፈተናዋ እስኪያልፍ፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ፣ እዚያ ልትኖር ቆርጣለች። በእነልጅቷ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ የባንክ ካዝና የሚቀናበት ቁልፍ አለው፤ የሚንጠለጠለውም ልጅቷ አንገት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሟ አይጠግብማ። የሰፈር ልጆች «ጎተራው» ይሉታል። የብስኩት ወረቀት ሦስት ግድግዳ ተሻግሮ ይሰማዋል፤ ያኔ መጽሐፏ ይከደንና ጦርነት ይታወጃል።

አክስቷ ሌላ የአይጥ ልጅ አነሳች። የዚህኛው ሆድ ባዶ ነው።

ልጅቷ ግራ ገባት። በእነዚህ አይጦች የወንድሟን ያለመጥገብ በሽታ የሚያጠኑ ከሆነ፣ ይሄ ለምን አይበላም? አክስቷ ወንድሟም ሲወለድ ጡት መሳብ አቅቶት በጠብታ እንዳደገ፣ ረሃቡ የመጣው ኋላ እንደሆነ ነገረቻት።

«እንደ ወንድምሽ ከዚህም ዘረመል አንዲት ቁራጭ ጎድላለች» አለች። «ከእናቱ በመጣው በኩል ብትጎድል ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። የጎደለችው ግን ከአባቱ በመጣው በኩል ነው። የእናቱ አለች፤ አፏን ዘግታለች።»

«ማን ዘጋት?»

«ገና በእናቱ እንቁላል ውስጥ ሳለች እንዳትናገር ማኅተም ታትሞባታል። እኛም ማኅተሙን የምናነሳበትን መንገድ ነው የምንፈልገው።»

በዓይን የማይታይ ነገር ከማን እንደመጣ አይረሳም! በወንድሟም ውስጥ የእናታቸው ቃል ሳይጎድል ተቀምጧል፤ ዝም ብሎ።

አክስቷ ብርቱዎቹን የደካማውን ወንድሞች በሞግዚት አይጥ ጎጆ ጭድ እያሸች ለእሷው ሰጠቻቸው፤ የራሷ ልጆች እንዲመስሏት። ካልሄዱ ደካማውን ገፍተው ጡቱን ይሻሙታል አለች። ልጅቷ ቀለል አላት። እንግዲህ ሳይንስ ራሱ ሻንጣዋን ሸከፈላት።

«አንድ ብርቱ ምረጪልኝ፤ ይቀራል።»

«ለምን?»

«የዚህ አሳሳብ ብቻውን የእናቱን ወተት አያመጣውም፤ ይደርቃል። ብርድም ይፈጀዋል።»

ልጅቷ ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ከሁሉም የሚፈራገጠውን አመለከተች።

የውኃ ጡጦዎቹን ሁሉ ሞልተው ሲመለሱ አክስቷ የደካማውን ጎጆ ክዳን ገለጥ አደረገች። ሁለቱ ተለጣጥፈዋል። በደካማው ሆድ፣ የሩዝ ስባሪ የምታህል ነጭ ነገር አለች። ፀሐይ ስትወጣ አይታለች፤ እንዲህ ግን አልወጣችም።

በሩ ላይ አክስቷ የቤቷን ቁልፍ ዘረጋችላት። የልጅቷ እጅ አንገቷ ላይ ወዳለው የማቀዝቀዣ ቁልፍ ሄደ።

«ለጊዜው አንቺ ጋ ይቆይ፣ አክስቴ» አለች። «ቅዳሜ ግን ወንድሜን ይዤው ልምጣ?»

«እጁን ከታጠበ።»

«እኔ አጥበዋለሁ።»