የመሬት ሽቦው

ሴትየዋ ሞታ የተገኘችው ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ማይክሮዌቩ ፊት ለፊት ነው። እጇ ከእቃ ማጠቢያው ውሃ ገና አልደረቀም። ጣቶቿ ተቃጥለዋል።

ባልየው ተሸክሟት ሐኪም ቤት ሮጠ፤ እዚያው ተያዘ። ጠዋት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። እናቷ ፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄን የበላት እሱ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ።

መርማሪዋ ባልየውን አስቀረበችው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ ማይክሮዌቭ ነዋ! በሰካችው ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ መብራት ይጠፋል። ዛሬም ጣይው አልኳት። ‹ወንድሜ የሰጠኝን አልጥልም፤ ትናንት ሠርቶልኛል› አለችኝ።»

ወንድምየው ኤሌክትሪሺያን ነው።

የጣቢያው ባለሙያ ማይክሮዌቩን ፈታው። አንድ የተላጠ ሽቦ የብረት ሽፋኑን ነክቷል። ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ ግን በቦታው ታስሯል። ሰካው፤ ብሬከሩ ወዲያው ወረደ።

«ይሄ የመሬት ሽቦ እያለ ሰው አይሞትም» አለ ባለሙያው። «ብሬከሩ ቀድሞ ይወርዳል። ሽቦው የታሰረበትን ብሎን እዪው ደግሞ፤ ሌላው ሁሉ በቅባትና በአቧራ ተሸፍኗል፣ ይሄ ብቻ አሁን የተነካ ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብሎኑን አየችው። ከሞተች በኋላ ማን አሰረው? ባልየው ከአስከሬኗ አልተለየም። «ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» ብሎ የቀረው አንድ ሰው ነው።

ወንድምየው ተጠርቶ ፊቷ ተቀመጠ።

«የመሬት ሽቦውን መቼ ፈታኸው?»

ወንድምየው ወደ በሩ አየ።

«መቼስ መለስከው?»

«መብራቱ አስመረረኝ አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ሽቦውን ስፈታው ብሬከሩ መውረዱን ተወ። መረቀችኝ። ዋናውን ብልሽት ዛሬ መጥቼ ልፈልግ ነበር፤ ሌላ ሥራ አስቸኩሎኝ ነው።»

«ስትሞትስ?»

«እንደደወሉልኝ ገባኝ። ፈራሁ። መልሼ አሰርኩት።»

«ባሏ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልኩ። የእናቴን ዓይን እንዴት ልይ? እሱን ትጥላ አልኩ።»

መርማሪዋ አዘነችለት። ቃሉን ግን አንድም ሳታስቀር ጻፈችው፤ ንጹሕ ሰው ታስሮ አያድርም።

ወንድምየው ፈረመና ቀና አለ። «እናቴ ውጭ ናት?»

«አዎ።»

«እኔው ልንገራት።»

በሩን ከፈተችለት። እናትየዋ የልጃቸውን በለቅሶ ያበጠ ዓይን ሲያዩ ተነሥተው ክንዱን ጭምቅ አድርገው ያዙት።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉት። «አንተ እያለህላት የእህትህ ደም ፈሶ አይቀርም።»