የሁለቱ ቁልፍ

«ሙድ ልይዝበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን አስቤ መሰለሽ?» አለ ኮልቢ፣ እርጥብ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ። «አንቺ ደግሞ ሲበዛ ታካብጃለሽ።»

ማረን በንዴት ፊቷን ከእሱ አዞረች። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ለኮልቢ ጨዋታ ነው። ከመዋኛ ገንዳው ማዶ የዘጠነኛ ክፍሉ ኦርሰን ልብሱን እንደለበሰ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ትናንት በቡድኑ አፕ ላይ «ኮች ብራንት ውሃ ውስጥ ቢጣሉ እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጡት» የሚል፣ ኮልቢ የጻፈው መልእክት በኦርሰን ስም ወጣ። ዛሬ ኮቹ ከዋና ቡድኑ ሊያባርሩት ነው። ልጁ ደግሞ ከዋና ሌላ ደስታ የለውም።

አፑን የሠሩት ማረንና ኮልቢ ናቸው። መልእክት ማመላለሱን ግን ለአፕ ሠሪዎች አገልግሎቱን ከሚያከራይ ድርጅት ነው ያገኙት። ቻናል የሚከፍተውም፣ መልእክቱን ወደየስልኩ የሚያደርሰውም የድርጅቱ ሰርቨር ነው። እያንዳንዱ ዋናተኛ ሲገባ የራሱ ማለፊያ ይሰጠዋል፤ በማለፊያው መጻፍ የሚችለው በራሱ ስም ብቻ ነው። ድርጅቱ የሰጣቸው ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ኮዱ፣ ግን የባለቤት ነው። እሱን የያዘ በማንም ስም መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ከሰርቨር መውጣት የለበትም። እነሱ ግን ለሙከራ እንዲቀላቸው ብለው ሁለቱም ስልካቸው ላይ ገልብጠውት፣ አንዳቸው በሌላው ስም እየጻፉ ሲሳሳቁ ከረሙ። ማጥፋቱን ረሱት።

«ሂድና ለኮቹ ንገራቸው» አለች ማረን።

«አበድሽ እንዴ? ነገ እኮ ለአፕ ሠሪዎች ውድድር እናቀርበዋለን! ክረምቱን ሙሉ ለምን ለፋን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ቁልፉ አንቺም ጋ አለ። እሱ ነው ብትዪ ማን ያምንሻል?»

ይህን ጊዜ ደሟ ፈላ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጓደኛዬ ነው ብላ ታምን ነበር።

ኮች ብራንት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። «ኦርሰን፣ ዕቃህን ሰብስብ።»

«ኮች፣ አልጻፍኩትም አልኩዎት እኮ።»

«ስምህ አለበት። ስምህ ካለበት ያንተ ነው። በቃ!»

«በቃ አይደለም!» አለች ማረን። ድምፅዋ ከግድግዳ ግድግዳ አስተጋባ። የሚዋኙት ሁሉ ቆሙ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«በቃ አይደለም አልኩ። ስልክዎ የት ነው?»

«ቢሮዬ ተቆልፎበታል። ምን አገባሽ?»

ማረን የራሷን ስልክ አውጥታ ጻፈች። ወዲያው አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ። አንዲት ዋናተኛ ውሃው እየተንጠባጠበባት ስልኳን አነሳችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ኮች ብራንት፦ ዛሬ ልምምድ የለም። ፒዛ በእኔ ሒሳብ!» ልጆቹ በሳቅ አውካኩ።

ኮቹ ስልኩን ነጥቀው አዩት። ስሙ የእሳቸው፣ ፎቶውም የእሳቸው ነው። «እኔ አልጻፍኩትም!»

«ስምዎ አለበት» አለች ማረን።

ሳቁ ቆመ። ኮቹ ፊታቸው ቀላ፤ ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ ኦርሰን ዞረ። «ማነው ይሄን ማድረግ የሚችለው?» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ወርዶ።

«ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው። አንዷ እኔ ነኝ፤ የኦርሰንን ግን አልጻፍኩም። ሁለተኛው አፍ አለው፣ ራሱ ይናገር።»

አፑን ማን እንደሠራው የማያውቅ ዋናተኛ አልነበረም። ኮልቢ የፎጣውን ጫፍ ይጠመዝዝ ጀመር።

ማረን የድርጅቱን ገጽ ከፈተች። ቁልፉ ከተሰረዘ አፑ በሁሉም ስልክ ላይ ዝም ይላል፤ ለነገው ውድድርም አይደርስም።

«ማረን፣ ተይ» አለ ኮልቢ በሹክሹክታ። «በናትሽ።»

«ቁልፉን ሰርዝ» የሚለውን ተጫነች። ገንዳውን ዞራ ሄዳ ኦርሰን አጠገብ ተቀመጠችና እንደ ሌሎቹ ሁሉ ኮልቢን ማየት ጀመረች።