በተሰበረ በር የገባ ማስረጃ

በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከአንገረብ ሸለቆ የተነሣው ጉም የጎንደር ነገሥታትን ግንብ ሸፍኖት በዋለበት ቀን፣ ዳኛ ሐብተ ማርያም በችሎቱ ደጃፍ የተሰበሰበውን ሕዝብ አቋርጠው ገቡ፤ ወትሮ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ የሚነሣቸው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው እንጂ ሰላም ያላቸው አልነበረም።

ተከሳሾቹ ሁለት ነበሩ፤ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ የወረሰው አብዱልባሲጥና በዛሪማ መስመር የጭነት ማኪና የሚነዳው ነጋ። ፖሊሶች የጎረቤት ሐሜት ሰምተው፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የአብዱልባሲጥን በር ሰብረው ገብተው ሁለቱን በአንድ አልጋ አገኟቸው፤ ክሱም ግብረ ሰዶም ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል፣ “ምነው አሞኛል ብለው ቢቀሩ? ትናንት በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከአጠገቤ ተነሡ” ብለዋቸው ነበር።

“ብቀር ሌላው ይፈርድባቸዋል።”

“ይፍረድባቸዋ። ሕጉስ የሚከለክለው አይደለም?”

“ይከለክላል፤ እኔም አልወደውም። ነገር ግን በደርግ ጊዜ አባቴን ከአልጋው ያወጡት እንዲሁ በር ሰብረው ነው።”

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ነገሩ በዓይን የታየ ነው” አለ።

“ያየው ዓይን በማን ፈቃድ ገባ?”

“ጥቆማ ደርሶን ነው።”

“ትእዛዝ ነበራችሁ?”

“አልነበረንም።”

ዳኛው ድምፃቸውን ሳያነሡ ብይኑን አሰሙ፤ ሕገ መንግሥቱ የሰውን ገመናና መኖሪያ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ በተሰበረ በር የገባ ማስረጃ አይሰማም፤ ተከሳሾቹ በነጻ ይሰናበቱ።

አብዱልባሲጥ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ “ጌታዬ፣ ወዴት ነው የምንሰናበተው?” ሲል ጠየቀ። በመስኮቱ ዱላ የያዙ ሰዎች ይታዩ ነበር።

ዳኛው ካባቸውን ሳያወልቁ ወርደው በሁለቱ መካከል ቆሙ። “ከእኔ ጋር ውጡ” አሉ።

ሕዝቡ በደጅ እስከ ቆመው የነጋ ማኪና ድረስ ተከተላቸው፤ ነጋ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን የመጀመሪያው ድንጋይ መጣ። ማኪናው ወደ አዘዞ ቁልቁል ተፈተለከ፤ ዳኛው ግራ ዓይናቸውን ይዘው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

በማግሥቱ ሱቁ ተቃጠለ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ በጎንደር አልታዩም። ብይኑንም የበላይ ችሎት ሻረው፤ ዳኛውም ወደ ቆላ ወረዳ ተዛወሩ።

ያን ዘመን የሚያወሱ ሰዎች አገሩ ሁሉ ለአዲሱ ሺህ ዓመት በዓል እንዴት ሽር ጉድ ይል እንደ ነበር ይተርካሉ፤ የዚያን ቀን ችሎት የሚያነሣ የለም። ወይዘሮ ወለተሩፋኤልም፣ የባለቤታቸው ዓይን በምን እንደ ጠፋ እንግዳ ሲጠይቃቸው፣ “በሥራ ላይ ነው” ብለው ሌላ ጨዋታ ያመጣሉ።