ደጅ የሚያድር ጫማ

የአፍንጫዋ ነገር አይነሳ! ሰው ተሰልፎ ከሚበላበት ቤት እሷ ከበሩ ትመለሳለች። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ጠዋት ምን እንደበላ ከኋላው ቆማ ታውቃለች። ዘመድ ሲስማት ትንፋሿን ይዛ ነው። ለዚህም ነው ቤተሰቡ የወጣላትን ስም ትቶ «አፍንጬ» እያለ ያሳደጋት።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ልጅ ዕድሏ የት ቢጥላት ጥሩ ነው? ጫማ ቤት!

እናቷ ካረፉ ወዲህ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። የምትተኛው እሳቸው ቤት፣ የምትሠራው እሳቸው ሱቅ ነው። ሥራዋ ደንበኛ ማስለካት ነው፤ ማስለካት ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው እግር ሥር መንበርከክ ነው። ላብ የጠጣ ካልሲ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ጥፍር ሥር የተጋገረ ጥቁር ነገር። ኤጭ! እጇን ደጋግማ በሳሙና ታጥባ እንኳ ራት ሲቀርብ ቀድማ የምታሸተው ጣቷን ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ሂሳብ መቀበያው ጋ ብቀመጥስ?» ስትላቸው አጎቷ ይስቁባታል።

«እግር ተጠይፎ ጫማ ሻጭ፣ ውሃ ፈርቶ ዋናተኛ! ተነሺ፣ ደንበኛ መጥቷል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን በትከሻው ገፍቶ የገባው ደንበኛ ብብቱ ሥር ስኬትቦርድ ይዟል፤ ያቺን አራት ትንንሽ ጎማ ያላት ሰሌዳ። ክርኑ ተልጧል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። የቀኝ ጫማው ጎኑ ተበልቶ ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ ታያለች። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ቦርሳ ሲያዩ የነበሩ ሁለት ሴትዮዎች ተያዩና ወጡ።

አፍንጬ የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጫነች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ገድለህ ነው እዚህ ውስጥ የደበቅከው?»

ሌላ ቢሆን ወይ ያፍራል፣ ወይ ይቆጣል። እሱ ጫማውን አንስቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«እውነትሽን ነው፤ ይቅር በይኝ። የራስ ነገር አይሸትማ።»

«ታዲያ ለምን አትጥለውም?»

«ጥዬውስ በምን ልዝለል? ለስኬትቦርድ የሚሆን ጫማ እኮ እንደ ሸሚዝ ብድግ ተደርጎ አይገዛም። ለክቼ፣ አጥፌ፣ አወዳድሬ ነው የምመርጠው። ጊዜ አለሽ?»

ጊዜስ ነበራት። ያጣችው አየር ነው።

አጎቷ ወዲያው «ባለጎማው» የሚል ስም አወጡለት። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ በሱቁ በኩል ያልፋል፤ ይለካል፤ ሳይገዛ ይሄዳል። መጥፎው ነገር እግሩ እንደዚያ እየገማ እጁና አንገቱ ትኩስ ዳቦ ዳቦ ማለቱ ነው። ቀና ስትል ደስ ይላታል፤ ጎንበስ ስትል ያጥወለውላታል።

«አንተ እኮ» አለችው፣ «ከወገብ በላይ ዳቦ ቤት፣ ከወገብ በታች ቄራ ነህ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ምንም አይሸትም፤ እሱ ነው የጎዳት።

አንድ ቀን ሦስት ዓይነት ጫማ ከመደርደሪያው አስወርዶ ፊቱ ደረደራቸው። የሸራውን አንስቶ እንደ ቂጣ አጠፈው።

«ይሄ ሶሉ ስስ ነው። እግሬ ሰሌዳውን ያገኘዋል፤ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ። ግን ከከፍታ ስወርድ ከተረከዜ እስከ ጥርሴ ይነዝረኛል። ደግሞ የሰሌዳው ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ስለሆነ ሸራን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።»

«ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውስ?»

«ከወለምታ ያድናል። ግን እግሬን ያስረዋል፤ እንደ ቁጡ አባት ነው።»

«ካሞሾውስ?» አለች፣ ጸጉራሙን ለስላሳ ቆዳ በአንድ ጣቷ እየነካች።

«እሱ ሶሉ ወፍራም ነው፤ ዙሪያውን ተሰፍቷል። ቆዳውን ሸካራው ቶሎ አይበላውም። ከደረጃ ብዘል ይሸከመኛል። ብቻ ብርድ ልብስ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ ሰሌዳው ይኑር አይኑር አላውቅም። አንቺ የቱን ትመርጪልኛለሽ?»

«እኔ በአፍንጫዬ ነው የምመርጠው። ሸራ ላቡን ያስወጣል፤ ቢሸትም ታጥቦ ይለቃል። ይሄ ረጅሙ የታፈነ ጓዳ ነው። ካሞሾ ደግሞ ላብ ይጠጣል፤ ዝናብ የነካው ቀን አለቀልህ፣ ዝናብ የመታው ፍየል ነው የሚሸተው።»

«ፍየል አሽትተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያላሸተትኩት ምን አለ!»

እየተሳሳቁ ክሩን ስታስርለት ጣቷ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ቀና አለች። እያያት ነው። ኋላ ስታስበው የገረማት፣ ትንፋሿን መያዝ ረስታ ነበር።

በእረፍት ቀኗ ሲዘል ልታየው አደባባይ ሄደች። ምን ልበላችሁ፣ የሚያምር ነገር አልነበረም። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይፈጠፈጣል። ይነሳል፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ ይተፋል፣ ላቡን በሸሚዙ ጠርጎ ያንኑ ሸሚዝ ይለብሳል። የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጫነች። ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ መንቀል አቃታት።

እያለከለከ መጥቶ የውሃ ጠርሙሷን ተቀበላት፤ ግጥም አድርጎ ጠጣና መለሰላት። የጠርሙሱ አፍ ላይ ምራቁ አለ። ድሮ ቢሆን ጠርሙሱን ከእነ ውሃው ቆሻሻ ውስጥ ትወረውረው ነበር። ቀፈፋት። ጠጣች።

«እሑድ ውድድር አለ» አላት። «እዚያ ያለውን ረጅም ደረጃ ከላይ እስከ ታች መዝለል ነው። ለእሱ ካሞሾውን እገዛለሁ። አየር ላይ ሶሉ ከከዳኝ ቀድሞ መሬት የሚነካው ጭንቅላቴ ነው።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ምክንያት ነበራት። አጎቷ ተበላሽቶ የተመለሰ ጫማ አይጥሉም። ጓዳ ገብተው በሳሙና ያሹታል፣ የተገነጠለውን ሶል በማስቲሽ ያጣብቁታል፣ ሽቶ ይነፉበትና አዲስ ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። «አድርጎት የሚራመድ ሰው ምን ይሆናል? ማንም አይሞትበትም» ይሏታል። አፍንጬም ይህን ነገር ለዓመታት እንደ መራራ መድኃኒት እየዋጠች ኖራለች፤ የበላችው የእሳቸውን እንጀራ ነውና።

የውድድሩ ዋዜማ ባለጎማው መጣ። በእሱ ቁጥር ካሞሾው አልቋል። አጎቷ ግን ደንበኛ ባዶ እጁን ሲወጣ ማየት ሞታቸው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! ዕድለኛ ነህ፣ አንዲት ቀርታልሃለች።» ጓዳ ገብተው ካርቶን ይዘው ወጡ።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ ሽቶው መጣ። ከሽቶው ሥር ሳሙና። ከሳሙናው ሥር ገና ያልደረቀ ማስቲሽ። ከሁሉም ሥር ደግሞ የሌላ ሰው እግር። አወቀችው፤ ሰሞኑን አንድ ወፍራም ሰውዬ ሶሉ ተንጠልጥሎ እየተሳደበ የመለሰው ጫማ ነው።

ባለጎማው አጠለቀው፤ ቆመ፤ ተረከዙን መታ መታ አደረገ።

«ልኬ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

የአጎቷ ዓይን ፊቷ ላይ ተተከለ። ብትናገር ዛሬ የምትተኛበት የላትም። ዝም ብትል ነገ ደረጃው አለ። አቅለሸለሻት፤ ይሄኛውን ግን የማንም እግር አላመጣውም። ዝም ማለት የለመደው የራሷ አፍ ነው ያቅለሸለሻት።

«አውልቀው» አለች።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አጎቷ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫማ የሌላ ሰው እግር ይሸታል።»

«ጉንፋን ይዟታል፤ አትስማት፣ የኔ ልጅ!»

ጫማውን ከእግሩ ላይ ራሷ መንጭቃ በሁለት አውራ ጣቷ ሶሉን ገፋችው። ማስቲሹ ክር እየሠራ ተላቀቀ፤ ጫማው እንደ አፍ ተከፈተ።

«ነገ አየር ላይ እያለህ እንዲህ ይሆን ነበር።»

አጎቷ ፈነዱ።

«ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ማለት ይሄው ነው! በይ ውጪልኝ! ሁለተኛ ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ!»

«ጋሼ፣ ያሳደጉኝን አልረሳም» አለች። «ግን ያስጠላል። ከእግሩ በላይ ይሄ ያስጠላል።»

አጎቷ የተከፈተውን ጫማ ይዘው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

ደጅ ሲደርሱ ባለጎማው ያንን የበሰበሰ ጫማውን አጥልቆ ከፊቷ ቆመ።

«በእኔ የተነሳ ቤት አጣሽ።»

«አክስቴ አለችልኝ። አንተ ግን ነገ በዚህ ቀዳዳ ነገር ያንን ረጅም ደረጃ እንዳትዘል፤ ማልልኝ።»

ማለላት። እሑድ ረጅሙን ትቶ አጠገቡ ካለው ትንሽ ደረጃ ዘሎ በሁለት እግሩ ቆመ። ሽልማቱን ሌላ ወሰደው። እሱ ላብ በላብ ሆኖ ቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«እንዳስጠላሁሽ አውቃለሁ» አላት።

«እግርህ ያስጠላኛል።»

«እኔስ?»

«አንተን እወድሃለሁ። ጫማህ ግን እኔ ያለሁበት ቤት አይገባም። ደጅ ያድራል።»

«ይደር!» አለ፤ እየሳቀ አቀፋት። ትንፋሿን አልያዘችም።

በሠርጋቸው ቀን አጎቷ ካርቶን አቅፈው መጡ። በእሱ ቁጥር፣ ካሞሾ፣ ዙሪያውን የተሰፋ። «አሽቺው» አሏት፤ ዓይኗን ማየት ከብዷቸዋል። አሸተተችው። አዲስ ቆዳ ብቻ ነበር የሚሸተው። ጉልበታቸውን ሳመች።

ውሉ ተከበረ። ባለጎማው አደባባይ ውሎ ሲመለስ ካሞሾውን በረንዳ ላይ አውልቆ በካልሲ ይገባል። ካልሲውም ቀጥታ ባልዲ ውስጥ። ጫማው በላብ ተነክሮ፣ ጎኑ ተፈግፍጎ፣ ደጅ እያደረ ከረመ።

ታዲያ አንድ ቀን እሱ የሥራ ጫማውን አድርጎ ዳቦ ቤት በሄደበት ዝናብ ጣለ። በረንዳው ያፈሳል። አፍንጬ በመስኮቱ አየችው፤ ካሞሾው መሐል ውሃ እየተጠራቀመ ነው።

«ይበስብስ! ምን አባቱ!» አለች።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደግማ አየችው። «ኤዲያ!» ብላ ወጣች፤ እየተነጫነጨች ጥንዱን አቅፋ ገባች። ጋዜጣ ጠቀጠቀችበትና ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ያ የፈራችው መጣ፤ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው።

ባለጎማው ትኩስ ዳቦ ይዞ ደረሰ። በረንዳውን አየ፤ ጫማው የለም። በሩን ከፍቶ አየሩን ሳበ፤ ደነገጠ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

አፍንጬ ከምድጃው አጠገብ ቀና አለች። አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ዓይኗ ያለቅሳል።

«ፍየል አስገባሁ» አለችው። «ግባና በሩን ዝጋ፣ ይበርደዋል።»