አራተኛውን ኬብል የጨበጠው ሰው

ይህ በእርግጥ የሆነ ነው። ብትስቁም አልቆጣም፤ እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ ስቄያለሁ።

ግንቦት 2005 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ዲላ፣ የአንድ ማሠልጠኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው።

ቤቴል የአንቴና መለኪያውን መሣሪያ እያስተካከለች ነበር። መሣሪያው አራት ኬብሎች አሉት። ከልኬት በፊት አራቱም ከአንዲት ትንሽ ሣጥን ጋር ይገጠማሉ፤ ሣጥኗም በራሷ ጊዜ ኬብሎቹ በልኬቱ ላይ የሚጨምሩትን ስህተት ለመሣሪያው ታስተምረዋለች። ከዚያ እርማቱ ሲበራ መሣሪያው ስህተት ብሎ የተማረውን ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

ሕጉ አንድ ነው... ሣጥኗ ስትሠራ ኬብል አይነካም።

ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊው አቶ ጴጥሮስ ውጤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ልኬቱ ከተበላሸ ቤቴል ትሰናበታለች፤ ቦታዋን ቴክኒሺያኑ ሲላስ ይወስዳል።

ሲላስም ይህን ያውቃል።

«ኢንጂነር ተብዬዋ!» አላት፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «አራት ገመድ ለመግጠም ነው አምስት ዓመት የተማርሽው?»

«ሲላስ፣ እንዳትነካ። እየሠራ ነው።»

«ብነካስ?»

አራተኛውን ኬብል ጨበጠ። ዓይን ዓይኗን እያየ... ሣጥኗ ጠቅ፣ ጠቅ ብላ እስክትጨርስ አለቀቀም።

«በይ ለኪያ! ሲያባርሩሽ ሻንጣሽን የምሸከም...»

ቤቴል በንዴት እርማቱን የሚያስጀምረውን ቁልፍ ተጫነች።

ድምፁ ተቆረጠ።

ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

በሩ አልተከፈተም። በመሣሪያው መስኮት ላይ ያለው መስመር ደግሞ እንደ ክር ቀጥ ብሏል... አንዳች እንከን የለበትም።

ቶሎ ብላ እርማቱን አጠፋችው።

«...ልሽ እኔ ነኝ!» አለ ሲላስ፣ ከዚያው ወንበር ላይ። «ምን ታፈጪብኛለሽ?»

«የት... የት ነበርክ?»

«አበድሽ እንዴ?»

ይህን እያለ የውሃ ጠርሙሷን አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እሱ ግን ልብ አላለውም።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«መጡልሽ!» አለ በሹክሹክታ። «ሥራ እንደማትችዪ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራቸው።»

ቤቴል ቁልፉን አየች። እሱን አየች።

«ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው» አለች በልቧ።

ተጫነች።

አቶ ጴጥሮስ ገቡ። «ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«አዎ... ብቻዬን ነኝ።»

መስመሩን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይህ ነው ሥራ! ጎበዝ ልጄ።»

ፈረሙላት። ከዚያም ተቀምጠው ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው አወጉ... አርባ ደቂቃ ሙሉ። እሷም ይሂዱልኝ አላለችም።

ሲወጡ እርማቱን አጠፋችው።

ሲላስ ወንበሩ ላይ ነበር።

ጢሙ ነጭ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ወርዷል።

አልተሳደበም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ተመልሶም ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና ተቀመጠ።

«አይዞሽ...» አላት በሹክሹክታ። «እዚያ መጠበቅ ተምሬያለሁ። አልቸኩልም።»