«እንራመድ» የሚለው ጨርቅ

አጥኚው የሞተው ሥራው ላይ ሆኖ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ሊባልለት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ «የሕዝብ መዝናኛ የእግር መንገዶች ማስተዋወቂያና ጥናት ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ስሙ ከመንገዱ ይረዝማል። ሠራተኞቹ ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድ ሲሰብኩ ይውሉና ከሁለተኛ ፎቅ ለመውረድ ሊፍት ይጠብቃሉ። አጥኚው ብቻ በየቀኑ ጫካው ውስጥ ባለው መንገድ እየተመላለሰ ማን እንደሚራመድ፣ የማይራመደውም ለምን እንደቀረ ያጠና ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚያው መንገድ መሐል ካለው የእንጨት ድልድይ ሥር፣ ማጅራቱን በገዛ ከዘራው ተመትቶ ተገኘ።

የጫካው ጥበቃ ወዲያው ታሰረ። ያን ዕለት ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ የማስታወቂያ ኃላፊዋና የዕቅድ ባለሙያው በየወሩ የሚያደርጉት የእግር ጉዞ ነበራቸው፤ «ሦስታችንም ከመነሻው እስከ መድረሻው አልተለያየንም» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ብቻውን የነበረው ጥበቃው ነው፤ ብቻውን የነበረ ሰው ደግሞ ምስክር የለውም።

ሰኞ ዕለት ጉዳዩ «ወረንጦ» ለሚሏት ኢንስፔክተር ተሰጠ። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የያዘችውን እሾህ ሳታወጣ አትለቅም። ከሁሉ አስቀድማ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደችው። ሳምንቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ ዛፎቹ ሥር ያለውን መሬት ቀይ ጭቃ አድርጎታል። መድረሻው ላይ ስትቆም የጫማዋ ቀለም አይለይም ነበር። ሳትጠርገው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ የጥበቃው ሚስት የባሏን ካፖርት ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ማንን እየጠበቁ ነው፣ እናቴ?»

«የሚሰማኝ ሰው ነዋ። ባሌ እባብ እንኳ ሲያይ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ነገ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። ሦስት የተማረ ሰው አንድ ላይ አይዋሽም አሉኝ።»

«የተማረ ሰው ሲዋሽማ አንድ ላይ ነው» አለች ወረንጦ። «ትንሽ ይታገሡኝ።»

መጀመሪያ የገባችው ሠራተኛው ሁሉ «መፈክር» ወደሚላት የማስታወቂያ ኃላፊ ነው።

«የቅዳሜውን ጉዞ ይንገሩኝ።»

«ምን ልበልዎት፣ ተፈጥሮ እኮ መድኃኒት ነው። ወፎቹ፣ አየሩ...»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩማ ሲያምር።»

የድልድዩ መደገፊያ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ወረንጦ ይህን አላነሣችም። «ፎቶ ተነሥታችኋል?»

«ያለ ፎቶማ ምን ጉዞ አለ!»

ፎቶዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲነሡ፣ ሌላው ሲደርሱ። በሁለቱም ሥራ አስኪያጁ መሐል፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ሆነው «እንራመድ» የሚል ረጅም ጨርቅ ይዘዋል። ሲነሡ ጨርቁ ደረታቸው ላይ ነው። ሲደርሱ ግን መሐሉ መሬት እስኪነካ ወርዷል። ዳርና ዳር የቆሙት ሰዎች ነጭ ጫማ እንደ ወተት ያበራል።

የዕቅድ ባለሙያው ቅጽል ስም «እንደተባለው» ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም።

«አብራችሁ ነበራችሁ?»

«እንደተባለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

«እርስዎስ በዓይንዎ ምን አዩ?»

«ያው... የተባለውን ነዋ።»

ወረንጦ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሌባ አይታለች። ሌባ ቢያንስ የራሱ ሐሳብ አለው።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሣ ተቀበላት።

«አጥኚው ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አፉ ነው እንጂ የሚያስቸግረው። ረቡዕ ሕዝቡን አራመዳችሁ ተብለን ልንሸለም ነው፤ እሱ ሸላሚዎቹ ፊት ቆሜ መንገዱን ሰው አይጠቀምበትም እላለሁ ይላል።»

«እውነት አይደለም?»

«እውነትም ቦታ አለው፣ እህቴ።»

«ጫማዎ አዲስ ነው?»

«አሮጌውን ለችግረኛ ሰጠሁት።»

«ቸር ነዎት» አለችና ጨርቁ ከዕቃ ቤት እንዲመጣላት አዘዘች።

ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የጥበቃውንም ሚስት አስገባቻት። ከዚያ ጭቃ የተጋገረበትን ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፎቶዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጨማደደ።

«ያን መንገድ የሄደ ሰው ጫማ ይህን ይመስላል። የእናንተ ግን ሲደርስም ነጭ ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ ፎቶ ተነሣችሁ፣ በመኪና ዞራችሁ መድረሻው ላይ ወረዳችሁ፣ ፊታችሁን ውሃ ረጭታችሁ ደግማችሁ ተነሣችሁ። ልማዳችሁ ነው። አብረን ነበርን ያላችሁት እንዳይሳቅባችሁ ነው፤ ዳፋው ለጥበቃው ተረፈ።»

መፈክር አንገቷን ደፋች።

«መኪናው ውስጥ ግን ሦስት አልነበራችሁም» አለች ወረንጦ፤ ጨርቁን ዘርግታ ገለበጠችው። ከጀርባው፣ መሐሉ ላይ ብቻ፣ የደረቀ ቀይ ጭቃ ነበር። «እዚህ ጋ የቆሙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ጨርቁ የወረደው እግራቸውን እንዲሸፍን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ስለተራመድኩ ነው የምከሰሰው?»

«በመራመድዎ ሳይሆን በመደበቅዎ ነው። ወደ መድረሻው ከድልድዩ በቀር መሻገሪያ የለም።» ወደ ሁለቱ ዞረች። «እሳቸው መኪናው ውስጥ ነበሩ?»

የዕቅድ ባለሙያው አለቃውን አየ። «እንደ...» አለና ዓይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ።

«ልጄ» አለች የጥበቃው ሚስት መፈክርን፣ «በመኪና መሄድ እኮ ነውር አይደለም። ተናገሪው።»

መፈክር ለመጀመሪያ ጊዜ መፈክር ያልሆነ ነገር ተናገረች። «አልነበሩም። ከአጥኚው ጋር የምነጋገረው አለኝ ብለው መነሻው ላይ ቀሩ። ሲመጡ እያለከለኩ ነበር። ጨርቁን ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ መሐሉ ይውረድ አሉን። ሬሳው ሲገኝ... የመኪናው ነገር እንዳይወጣ ብለን አልተለያየንም አልን።»

«ለመንኩት እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ። «ረቡዕን አሳልፈኝ ብዬ ለመንኩት። መንገዱ ላይ የተተከለችው የተራማጅ መቁጠሪያ መሣሪያ ዓመት ሙሉ ከእሱና ከጥበቃው በቀር ሰው አላየችም አለኝ። ‹እስቲ እርስዎ እንኳ አንድ ቀን ቢሄዱበት ምን ነበረበት› ብሎ ሳቀብኝ። ከዘራውን ነጠቅኩት።»

ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሂድ ሲል የኖረ ሰው አንድ ቀን በእግሩ ሄደ፤ የሄደውም ለዚህ ነበር።

ወረንጦ ስልክ ደውላ ጥበቃው እንዲለቀቅ አዘዘች። ሥራ አስኪያጁ እጁ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊፍቱ ፊት ቆመ።

«በደረጃው ነው» አለችው።

የጥበቃው ሚስት ግን ማንንም አልጠበቀችም። ካፖርቱን እንደታቀፈች ከሁሉም ቀድማ ወርዳ ነበር።